የአደጋ ጊዜ የታክስ እፎይታና የሩብ ዓመት ክፍያ ቅጣት፦ በሎስ አንጀለስና በአትላንታ ላሉ ወገኖች፣ ታክስም ለሚሠሩላቸው ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች፣ የትራክ ነጂዎች፣ የምግብ ቤትና የሱቅ ባለቤቶች፤ እንዲሁም ታክስ ለምትሠሩላቸው የሙያ ባልደረቦቻችን፦

የ2025 ታክስ በሚሠራበት በዚህ ወቅት አንድ ጉዳይ ከሁለት አቅጣጫ ሲበላሽ እናያለን። በአንድ በኩል መክፈል የማይገባቸውን ቅጣት በገዛ ፎርማቸው ላይ ጽፈው የሚከፍሉ አሉ። በሌላ በኩል «በሎስ አንጀለሱ እሳት ምክንያት ተራዝሟል» የሚለውን ብቻ ሰምተው፣ እስከ መቼና የትኛው ክፍያ እንደሆነ ሳይጠይቁ የተቀመጡ አሉ። መንግሥት በአደጋ ጊዜ የሚሰጠው እፎይታ የመክፈያ ቀንን ይገፋል እንጂ ታክስ አይሰርዝም። የሚገፋውም ከዚህ እስከዚህ ተብሎ በተነገረው ጊዜ ውስጥ የዋለውን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እፎይታ አለኝ ወይስ የለኝም?» ሳይሆን «ከአራቱ ክፍያዎቼ የትኛው ውስጥ ገባ? የትኛው ውጭ ቀረ?» የሚል መሆን አለበት።

ቅጣቱ ከየት እንደሚመጣ ባጭሩ እናስቀምጥ። ደመወዝተኛ ታክሱ በየቼኩ ይቆረጥበታል። በግሉ ሠርቶ 1099 የሚባለውን የገቢ ወረቀት የሚቀበል ሰው ግን የሚቆርጥለት ስለሌለ ራሱ በዓመት አራት ጊዜ ይከፍላል፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ከዚያም በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15። ቀኑ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ከዋለ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይዞራል፤ የ2025 ሁለተኛው ክፍያ ጁን 16 የሆነው ለዚህ ነው። በየሦስት ወሩ ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጁን ላይ ይያዛል፤ ከኤፕሪል እስከ ጁን ያለው ሁለት ወር ብቻ ነውና።

ቅጣቱ የሚመጣው የተቆረጠውና ክሬዲቱ ተቀንሶ 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ዕዳ ሲቀር ነው። ያም ሆኖ የዘንድሮውን ታክስ 90 በመቶ፣ ወይም የአምናውን 100 በመቶ በአራቱ ቀናት ከፋፍሎ የከፈለ ሰው አይቀጣም፤ ከሁለቱ ያነሰው ይበቃዋል። የአምና ገቢው ከ150,000 ዶላር ያለፈ ሰው 100 የሚለውን 110 ብሎ ያንብብ። አምና ሙሉውን 12 ወር የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ሆኖ ጭራሽ የታክስ ግዴታ ያልነበረበት ሰው ደግሞ ዘንድሮ ከዚህ ቅጣት ነጻ ነው።

ስሙ ቅጣት ይሁን እንጂ አሠራሩ ወለድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ ለብቻው፣ ከጎደለበት ቀን እስከ ተከፈለበት ቀን ድረስ በቀን ይቆጠራል። በ2025 መጠኑ በዓመት 7 በመቶ ነበር። በወለድ ላይ ወለድ አይታሰብበትም። ወለድ ስለሆነም ሰበብ አይሰማም፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው «የመጀመሪያ ጊዜ ምሕረት» ዘግይቶ ለማስገባትና ዘግይቶ ለመክፈል ቅጣት ይሠራል፣ ለዚህኛው ግን አይሠራም። ለአይ አር ኤስ (ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ደውሎ «ሦስት ዓመት ተቀጥቼ አላውቅም» ማለት እዚህ ላይ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ሎስ አንጀለስ እንምጣ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በፓሊሴድስና በአልታዲና በኩል የተነሳውን እሳት ተከትሎ አይ አር ኤስ ለመላው የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚውሉትን ቀነ ገደቦች ወደ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ገፍቷል። መላው ካውንቲ ሲባል በእርግጥም መላው ነው። በፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የትንሿ ኢትዮጵያ ምግብ ቤት እሳት አልነካውም፤ ኢንግልዉድ የሚኖረው ሾፌርም አንድ ዕቃ አልተቃጠለበትም ይሆናል። ሁለቱም ግን ውስጥ ናቸው። አይ አር ኤስ የሚያየው አድራሻን እንጂ ጉዳትን አይደለም። «ምንም ሳልጎዳ በሌላው መከራ መጠቀም ነውር ነው» የሚሉ አሉ፤ ስሜቱን እናከብራለን፣ ነገር ግን ማመልከቻ ተጽፎ የሚገኝ እርዳታ አይደለም፣ ማንም ሳይጠይቅ በካውንቲው ነዋሪ ሁሉ ላይ የሚሠራ የቀን ለውጥ ነው።

ከሩብ ዓመት ክፍያዎች ውስጥ በዚህ ጊዜ የዋሉት አራት ናቸው። የመጀመሪያው የ2024 የመጨረሻ ክፍያ፣ ማለትም የጃንዋሪ 15 ቀን 2025ቱ ነው። ሌሎቹ የ2025 የኤፕሪል 15፣ የጁን 16 እና የሴፕቴምበር 15 ክፍያዎች ናቸው። ውጭ የቀሩትን ደግሞ ልብ በሉ። የ2024 ኤፕሪል፣ ጁንና ሴፕቴምበር ከእሳቱ በፊት ስለነበሩ በዚያን ጊዜ ያልከፈለ ሰው ቅጣቱ መቆጠር የጀመረው እሳቱ ሳይነሳ ነው፤ እፎይታው ወደኋላ ሄዶ አያነሳለትም። የ2025 አራተኛ ክፍያ፣ የጃንዋሪ 15 ቀን 2026ቱም በመደበኛ ቀኑ ነው። «ዓመቱን ሙሉ ተራዝሟል» ያለ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። የአንድ ሾፌር የ2024 ጠቅላላ ታክስ 8,000 ዶላር ነበር እንበል፤ ገቢው ከ150,000 በታች ነው፣ ምንም አይቆረጥለትም። ለ2025 የአምናውን 100 በመቶ መንገድ ከመረጠ እያንዳንዱ ክፍያ 2,000 ዶላር ይሆናል። ሦስቱን፣ ማለትም 6,000 ዶላር፣ በአንድ ጊዜ ኦክቶበር 15 ከፈለ፤ አራተኛውን በጃንዋሪ 15 ከፈለ። ቅጣቱ ዜሮ ነው።

ይህንኑ ሰው ስለ እሳቱ ምንም ያልተነገረው የታክስ ሶፍትዌር ሲያሰላው ሌላ ነገር ይወጣል። ለኤፕሪሉ 183 ቀን፣ ለጁኑ 121 ቀን፣ ለሴፕቴምበሩ 30 ቀን ቆጥሮ 70፣ 46 እና 12 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ድምሩ 128 ዶላር። ይህ ቁጥር በዓመታዊው የታክስ ፎርም፣ በ1040 መስመር 38 ላይ ይቀመጣል፣ መስመር 37 ላይ ካለው ዕዳ ጋር ይደመራል፣ ሰውየውም ከታክሱ ጋር አብሮ ይከፍለዋል። ደብዳቤ አልመጣበትም፣ ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ጽፎ ራሱ ከፈለ።

ስለዚህ ለባልደረቦቻችን ያለን ጥያቄ ይህ ነው። የደንበኛችሁ አድራሻ በተከለለው ካውንቲ ውስጥ ከሆነና ጉድለቱ የመጣው ከተገፉት ቀናት ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያወጣውን የፎርም 2210 (የዚህ ቅጣት ማስሊያ ፎርም) ስሌት አጥፉት፣ መስመር 38ን ባዶ ተዉት። የፎርም 2210 መመሪያ ራሱ በፌዴራል መንግሥት በታወጀ አደጋ ምክንያት ለጎደለ ክፍያ ፎርሙን አታስገቡ ይላል። አይ አር ኤስ የደንበኛውን ካውንቲ ለይቶ እፎይታውን በራሱ ይሠራል፤ ከዚያ የሚተርፍ ቅጣት ካለ ቢሉን ይልካል። በባዶ የተተወ መስመር 38 ስሕተት አይደለም። «ደንበኛዬ ኋላ ደብዳቤ እንዳይመጣበት» ብሎ አስቀድሞ ማስከፈል ደግነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሰውየው የሌለበትን ዕዳ እንዲከፍል ማድረግ ነው።

ያው ሾፌር 6,000ውን ኦክቶበር 15 ሳይሆን ዲሴምበር 15 ቢከፍልስ? ከኦክቶበር 15 በፊት ያሉት ቀናት አይቆጠሩበትም፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 61 ቀናት ግን ይቆጠራሉ፤ 70 ዶላር ገደማ ይመጣበታል። እፎይታውን የማያውቀው ሶፍትዌር በበኩሉ 198 ያሳያል። እዚህም የሚሻለው ባዶ መተው ነው። ሂሳቡን ለደንበኛው በቃል ንገሩትና ቢሉ ሲመጣ እንዳይደነግጥ አድርጉ፤ ቢሉ ከ70 ብዙ በልጦ ከመጣም የት መደወል እንዳለበት ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የተሳሳተበት ግን ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ነው። ኦክቶበር 15 ላይ የሁለት ዓመት ዕዳዎች አንድ ላይ ተደረቡ። የ2024 አራተኛ ክፍያና የ2024 ቀሪ ታክስ በአንድ ወገን፣ የ2025 ሦስት ክፍያዎች በሌላ ወገን። ዳይሬክት ፔይ በሚባለው የአይ አር ኤስ የኦንላይን መክፈያ ላይ ሲከፈል መጀመሪያ ምክንያቱን፣ ቀጥሎ የታክሱን ዓመት ይጠይቃል። ለ2024 የቀረውን ሲከፍሉ የ1040 ቀሪ ዕዳ ብሎ 2024 መምረጥ፤ ለ2025ቱ 1040-ኢኤስ (የሩብ ዓመት ክፍያ) ብሎ 2025 መምረጥ ያስፈልጋል። ሁሉንም ባንድ ላይ ደምሮ በ2024 ስም የከፈለ ሰው 2024 ላይ ትርፍ፣ 2025 ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ እፎይታውም አያድነውም፣ በኮምፒውተሩ ዓይን 2025ን አልከፈለምና። ይህ የገጠመው ሰው አዲስ ክፍያ ሳይፈጽም፣ የክፍያውን ማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ደውሎ ገንዘቡ ወደ ትክክለኛው ዓመት እንዲዛወር ይጠይቅ። በአንዱ ዓመት ውስጥ ግን የትኛው ሩብ ነው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ሲገባ በመጀመሪያ የሚሞላው ቀድሞ የጎደለውን ነው።

የግዛቱ ታክስ ለብቻው ነው። ፍራንቻይዝ ታክስ ቦርድ የሚባለው የካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤት ለሎስ አንጀለስ ካውንቲ ይህንኑ ኦክቶበር 15 ተቀብሏል። ሆኖም ካሊፎርኒያ አራቱን ክፍያ እኩል አታከፋፍልም፤ 30፣ 40፣ 0 እና 30 በመቶ ነው። ስለዚህ ኦክቶበር 15 ላይ ለፌዴራሉ የዓመቱ 75 በመቶ ሲጠበቅ፣ ለካሊፎርኒያ 70 በመቶ ነበር። ቅጣት የሚጀምርበት ዕዳም ዝቅ ይላል፣ 500 ዶላር ነው፤ ፎርሙም 2210 ሳይሆን 5805 ነው። ሌላ ግዛት ያላችሁ፣ ግዛታችሁ የፌዴራሉን ቀን ይከተላል ብላችሁ በግምት አትሂዱ፤ አንዳንዱ ቀኑን ገፍቶ ወለዱን ያስከፍላል።

በጆርጂያ ያላችሁ፣ ከክላርክስተን እስከ ዲኬተር፣ የእናንተ ታሪክ ቀኖቹ ስለሚለያዩ ለብቻ መታየት አለበት። በሄሪኬን ሄሊን ምክንያት መላው ጆርጂያ ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ ሜይ 1 ቀን 2025 ድረስ ተራዝሞለት ነበር። የ2024 ሦስተኛ ክፍያ ሴፕቴምበር 16 ነበር፤ ከሄሊን በፊት ስለሆነ በሄሊን እፎይታ ውስጥ አይገባም። የጃንዋሪ 15 ቀን 2025ቱ ገብቷል። የኤፕሪል 15 ቀን 2025ቱም ገብቷል። የጁን 16ቱ ወጥቷል። እንግዲህ የሎስ አንጀለስ ዘመዱ በስልክ «እስከ ኦክቶበር ጊዜ አለ» ብሎት የተቀመጠ የአትላንታ ሾፌር ከሜይ 1 ጀምሮ ለመጀመሪያው፣ ከጁን 16 ጀምሮ ደግሞ ለሁለተኛው እየተቆጠረበት ነበር። የዘመድ ምክር ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን ካውንቲው አንድ ካልሆነ አይጠቅምም። የራሳችሁን ለማየት በአይ አር ኤስ ድረ ገጽ ላይ የአደጋ እፎይታ ዝርዝር በየግዛቱ ተለይቶ አለ። ማስታወቂያውን ከፍታችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የካውንቲዎቹን ስም፣ አደጋው የጀመረበትን ቀን፣ የተገፋበትን ቀን። አራቱን የክፍያ ቀናት በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል አስቀምጡ፤ መካከል ያልገባው አልተገፋም።

ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ አይቶ መተውም አያዋጣም። በ2023 በካሊፎርኒያ ከ58ቱ ካውንቲዎች 55ቱ በክረምቱ ጎርፍና ማዕበል ምክንያት መጀመሪያ እስከ ሜይ 15 ተራዘመላቸው፣ ቀጥሎ እስከ ኦክቶበር 16፤ ኦክቶበር 16 በደረሰበት በዚያው ዕለት ደግሞ እስከ ኖቬምበር 16 ተባለ። ያኔ ዕለቱን ለመድረስ በብድር የከፈሉ ሰዎች ማምሻውን ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም።

በዚያው ዓመት በበጋ ሌላም ግራ መጋባት ነበር። ሲፒ 14 የሚባለው የዕዳ ደብዳቤ «በ21 ቀን ውስጥ ክፈሉ» እያለ ቀኑ ወደ ኦክቶበር ለተገፋላቸው ብዙ ሰዎች ይደርስ ነበር። በፖስታው ውስጥ አብሮ የታጠፈ ሌላ ወረቀት ነበር፤ በአደጋው አካባቢ ላላችሁ ቀኑ እንደተገፋ ነው ይላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አንብቦ ሮጦ ከፈለ። የአይ አር ኤስ ፖስታ ሲመጣ ውስጡ ያለውን ወረቀት ሁሉ አውጡ። የቅጣቱን ነገር ለይቶ ለማየት ኦንላይን አካውንታችሁ ውስጥ የዓመቱን የሂሳብ መዝገብ አውርዱ፤ ኮድ 176 ያለበት መስመር የዚህ ቅጣት መስመር ነው፣ 177 ካለ ደግሞ የተቀነሰው ነው።

እፎይታው በራሱ የማይመጣላቸው ሰዎችም አሉ። አይ አር ኤስ የሚያየው ያለውን አድራሻ ስለሆነ፣ ከአልታዲና ቤቱ ተቃጥሎ ላስ ቬጋስ የገባና በአዲሱ አድራሻ ታክሱን ያስገባ ሰው በኮምፒውተሩ የኔቫዳ ሰው ነው። ቅጣት ከመጣበት በደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ደውሎ በአደጋው ቀን የት ይኖር እንደነበር መናገር አለበት፤ የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል አጠገቡ ይኑር። ሁለተኛው፣ ራሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ እየኖረ ታክስ ሠሪው ወይም ለታክሱ የሚያስፈልጉት መዝገቦች ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ የሆነ ሰው ነው። ሦስተኛው፣ በታወቀ የመንግሥት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥር በአደጋው አካባቢ የእርዳታ ሥራ የሠራ ነው። እነዚህ ሁለቱ መብቱ አላቸው፣ ነገር ግን ወደ አይ አር ኤስ የአደጋ መስመር 866-562-5227 ደውለው ራሳቸውን ማስመዝገብ ግድ ነው። ካልደወሉ ማንም አያውቃቸውም።

አደጋው በፌዴራል ያልታወጀ ሲሆን መንገዱ ሌላ ነው። የአንድ ሰው ሱቅ ብቻ ቢቃጠል ካውንቲው አይከለልም፤ ቀንም አይገፋም። ለዚህ ሕጉ ለብቻው በር ትቷል፦ በድንገተኛ ጉዳት፣ በአደጋ ወይም ባልተለመደ ሁኔታ ምክንያት ያልተከፈለ ከሆነና መቅጣቱ ፍትሕ የሚያጎድል ከሆነ አይ አር ኤስ ቅጣቱን ማንሳት ይችላል። እዚህ ግን ፎርም 2210 ይገባል። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ እንዲነሳ የሚጠይቅ በክፍል 2 ሳጥን ኤ ላይ፣ በከፊል የሚጠይቅ ሳጥን ቢ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምን እንደደረሰ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንዳገደውና ለምን ያን ክፍያ መክፈል እንዳልቻለ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ የፖሊስና የኢንሹራንስ ሪፖርት ቅጂ ያያይዛል። እነዚህ ማመልከቻዎች የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በቀን ነው፤ ጽሑፉ የኖቬምበርን እሳት ይተርካል፣ የጎደለው ክፍያ ግን የኤፕሪል ሆኖ ይገኛል። በቀን የማይገናኝ ሐዘን ፎርሙ ላይ ዋጋ የለውም። በጁላይ 2025 የወጣ ሕግ የግዛት ገዢ ባወጀውና እንዲራዘም በጠየቀበት አደጋም አይ አር ኤስ ቀን እንዲገፋ ስለፈቀደለት፣ ሳጥን ኤ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ግዛታችሁ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ እንደሆነ እዩ።

እፎይታም ምሕረትም ለማይደርሳቸው ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንዱ የፎርም 2210 ክፍል የሆነው ሼጁል ኤ አይ ነው። ምግብ ቤቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተዘግቶ ገቢው በዓመቱ መጨረሻ የመጣ ከሆነ፣ ታክሱን ገቢው በገባበት ጊዜ ልክ ያከፋፍለዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች ያንሳሉ። አድካሚ ነው፣ የየወሩ የገቢና የወጪ መዝገብ ይፈልጋል። ሌላው ቀላል ነው፤ ባል ወይም ሚስት ደመወዝተኛ ከሆኑና በጋራ የምታስገቡ ከሆነ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ደብሊው-4ን፣ ማለትም ከደመወዝ የሚቆረጠውን ታክስ የሚወስነውን ፎርም፣ ቀይረው ብዙ ማስቆረጥ ይችላሉ። ከደመወዝ የተቆረጠ ገንዘብ በዲሴምበር ቢቆረጥም በአራቱ ቀናት እኩል እንደተከፈለ ይቆጠራል። ይህን ለ2025 ማድረግ ጊዜው አልፏል፤ ለ2026 ግን በር ክፍት ነው።

የማይገባውን ቅጣት መስመር 38 ላይ ጽፎ አስቀድሞ የከፈለም ገንዘቡ አልጠፋም። በፎርም 843 ይጠየቃል፤ የካውንቲው ማስታወቂያ፣ የክፍያዎቹ ቀናትና ማረጋገጫ ቁጥሮች ይያያዛሉ። ጊዜው በአብዛኛው ፎርሙ ከገባበት 3 ዓመት ወይም ከተከፈለበት 2 ዓመት ነው፤ ከሁለቱ የዘገየው ይሠራል። ባልደረቦቻችን፣ ባለፈው ዓመት የሠራችሁትን የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ደንበኞች ፋይል አውጥታችሁ የ2024ቱን መስመር 38 ተመልከቱ። የጃንዋሪ 15 ቀን 2025 ክፍያ ብቻውን ያመጣው ቅጣት ካለበት፣ እስከ ኦክቶበር 15 ተከፍሎ ከሆነ፣ ደንበኛው ሳይጠይቃችሁ ደውሉለት።

ከአክብሮት ጋር፣
በታክስ ዝግጅት ሥራ የተሰማራን